የሳይት ማሽን ሰው ሲጎዳ፦ ምኑ ነው የሚበላሸው? ማንስ ነው የሚጠየቀው?

አንድ ሳይት ላይ ክሬን ወደቀ ወይ ኤክስካቫተር ሰው ጨፈለቀ ሲባል ዜናው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት መስመር ነው። በማሽን ብልሽት ይሄን ያህል ሰው ሞተ፣ ይሄን ያህል ቆሰለ፣ ፖሊስ እያጣራ ነው፣ በቃ። ከዛ ወሬው ለሁለት ይከፈላል፣ ግማሹ የመጣ ነገር ነው ምን ይደረጋል ብሎ ነፍስ ይማር ይላል፣ ግማሹ ደሞ ኦፕሬተሩ ላይ ይወርዳል፣ ሰክሮ ነው፣ መንጃ ፈቃድ የለውም ምናምን። ሁለቱም ጋ የጎደለው ማሽን እንዴት እንደሚሰበር ነው። ብረት ድንገት የተሰበረ ይመስላል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ከመሰበሩ በፊት ምልክት ያሳያል፣ ምልክቱን ያየ ሰውም አብዛኛውን ጊዜ አለ፣ እና ዋናው ነገር ያ ያየው ሰው ማሽኑን ማስቆም ይችል ነበር ወይ የሚለው ነው። እዚህ ጽሑፍ ላይ ክሬኑም ሃይድሮሊኩም ህጉም ወደዚሁ ነው የሚያመሩት።

ጉዳዩ የኛ ሀገር ብቻም አይደለም። የዓለም የሥራ ድርጅት እንደሚገምተው በዓመት ወደ 330 ሺህ ሰው በሥራ ላይ አደጋ ይሞታል (በሥራ ምክንያት በሚመጣ በሽታ የሚሞተው ሳይቆጠር ማለት ነው)፣ ኮንስትራክሽን ደሞ በየሀገሩ ከአደገኞቹ ዘርፎች ተርታ ነው።

የማሽን ብልሽት ሲባል ምን ምኑን ነው?

ሶስት የተለያየ ነገር በአንድ ስም እየተጠራ ነው። አንደኛው እውነተኛው ብልሽት ነው፣ ማለትም አንድ ክፍል ይሰበራል፣ ይበጠሳል ወይ ይፈነዳል። ሁለተኛው መከላከያው መዘጋቱ ነው፣ ማሽኑ ላይ ከመጠን በላይ ሲጫንበት የሚጮህ ወይ ራሱን የሚያቆም መሳሪያ አለ፣ አላሰራ ስላለ ሽቦው ተነቅሏል። ሶስተኛው ደሞ ማሽኑ ምንም አልሆነም፣ የቆመበት መሬት ነው የከዳው፣ ወይ ያልተሰራለትን ሥራ እየሰራ ነበር። ዜናው ላይ ሶስቱም «የማሽን ብልሽት» ተብለው ይጻፋሉ፣ ተጠያቂው ግን ለየቅል ነው።

ስለመጀመሪያው አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ ብረት 5 ቶን መሸከም ይችላል ማለት ለዘላለም ይሸከማል ማለት አይደለም፣ በየቀኑ ሲጫንና ሲራገፍ፣ ሲጫንና ሲራገፍ፣ በአይን የማይታይ ስንጥቅ ይጀምራል፣ አብዛኛውን ጊዜ ብየዳ ያለበት ወይ የብሎን ቀዳዳ ጠርዝ ላይ። ስንጥቁ ለወራት ቀስ እያለ ይሄዳል፣ የቀረው ብረት መሸከም ሲያቅተው በአንዴ ይሄዳል። ለዚህ ነው ትናንት ከዚህ የከበደ አንስቶ ነበር እኮ የሚለው መከራከሪያ ዋጋ የሌለው፣ እንደውም ትናንት ከባድ ማንሳቱ ለዛሬው ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ታወር ክሬን ስንት ወር ቆሞ ሲሰራ ከርሞ አንድ ቀን ለምን ይወድቃል?

ብዙ ሰው ክሬን አቅም ሲባል አንድ ቁጥር ይመስለዋል፣ ይሄ ክሬን 8 ቶን ያነሳል አለቀ። እንደዛ አይደለም። ውሃ የሞላ ባልዲ ክንድህን አጥፈህ ደረትህ ጋ ብትይዘው ትችለዋለህ፣ ያንኑ ባልዲ ክንድህን ዘርግተህ ያዝ ብትባል ግን ደቂቃ አትቆይም፣ ባልዲው አልከበደም፣ ርቀቱ ነው። ክሬንም እንደዛው ነው። ለማስረዳት ያህል በቀላል ሂሳብ እንየው፣ በ15 ሜትር ርቀት ላይ 4 ቶን የሚያነሳ ክሬን በ30 ሜትር 2 ቶን፣ በ60 ሜትር ደሞ 1 ቶን ብቻ ነው የሚችለው (የክንዱ የራሱ ክብደት ሲጨመር ትክክለኛው ቁጥር ከዚህም ያንሳል)። ይሄን የሚያሳየው ሰንጠረዥ ሎድ ቻርት ይባላል፣ ከክሬኑ ጋር ነው የሚመጣው፣ ኦፕሬተሩ ካቢን ውስጥ መኖር አለበት።

አሁን ይሄን ከአርማታ ጋር አገናኙት። 1 ሜትር ኩብ አርማታ ወደ 2.4 ቶን ይመዝናል፣ ባኬቱ ራሱ ደሞ ሌላ ብዙ መቶ ኪሎ ነው። ስለዚህ ሙሉ ባኬት ማማው አጠገብ ሲነሳ ሰላም የነበረው ክሬን ያንኑ ባኬት ጫፍ ያለው ኮለን ላይ ሊያደርስ ሲሄድ መሃል መንገድ ላይ ከአቅሙ ያልፋል። እዛ ነጥብ ላይ ሊሚት ስዊች የሚባለው ነገር ክሬኑን ማስቆም አለበት። እና ሶሌታ እየተሞላ ነው፣ አርማታው እየደረቀ ነው፣ ፎርማኑ እየጮኸ ነው፣ ክሬኑ ደሞ አልሄድም ብሏል። ሊሚት ስዊቹን ባይፓስ የማድረግ (እንዳያስቆም አልፎ የማገናኘት) ሀሳብ የሚመጣው እንደዚህ ባለ ሰዓት ነው። አንዴ ከተደረገ ማን ይመልሰዋል? ሥራው ሄደ፣ ምንም አልሆነም፣ በሚቀጥለው ካስትም (አርማታ ሲሞላ ማለት ነው) እንደዛው ይቀጥላል፣ ክሬኑ ከዛን ቀን ጀምሮ አቅሙ ማለፉን የሚነግረው ነገር የለውም።

ሌላው አደገኛ ሰዓት ክሬኑ ሲተከል፣ ሲረዝም ወይ ሲፈታ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 27 ቀን 2019 ሲያትል (ያው ብዙ ሀበሻ ያለባት ከተማ) ሳውዝ ሌክ ዩኒየን የሚባለው ሰፈር አንድ ታወር ክሬን እየተፈታ እያለ መንገድ ላይ ወድቆ 4 ሰው ሞቷል፣ ሁለቱ ክሬኑን ሲፈቱ የነበሩ ሠራተኞች፣ ሁለቱ ደሞ መንገድ ላይ የነበሩ ሰዎች። የግዛቱ መርማሪዎች ያገኙት ምክንያት የሚገርም ነው፣ የማማውን ክፍሎች እርስ በርስ የሚያያይዙት ፒኖች አንድ በአንድ በቅደም ተከተል መውጣት ሲገባቸው ሥራ ለማፍጠን ብለው ቀድመው አውልቀዋቸው ነበር። ነፋስ መጣ፣ ማማው እንደተደረደረ ሳጥን ሆኖ ስለቆየ ሄደ። ክሬኑ ጤነኛ ነበር።

ነፋስ እንደዛ ያለ ብረት ይጥላል እንዴ?

ይጥላል። አብዛኛው የታወር ክሬን አምራች ከፍተኛው ገደብ ብሎ የሚያስቀምጠው በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ ብዙ ሳይቶች ግን ከዛ በታችም ያቆማሉ፣ በተለይ የሚነሳው ነገር ቆርቆሮ ወይ ፎርምወርክ አይነት ሰፊ ከሆነ፣ ምክንያቱም እሱ ራሱ ሸራ ሆኖ ነፋሱን ይይዛል።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው በተቃራኒ የሚረዳው ነገር አለ። ማታ ሥራ ሲያልቅ ታወር ክሬን መታሰር ያለበት ይመስላል፣ ግን አይደለም፣ የማዞሪያው ፍሬን ተለቆ ክንዱ ከነፋሱ ጋር እንደልቡ እንዲዞር ነው የሚተወው። ማታ ማታ ሰው የሌለበት ክሬን ሲዞር ያየ ሰው ተበላሽቷል ብሎ ይደነግጣል፣ በትክክል ስለተተወ ነው የሚዞረው። ከታሰረ ነፋሱ በጎን ይመታውና ማማው ላይ ያልታሰበ ጉልበት ያመጣል።

የመካው አደጋ ላይም ዋናው ነገር አቀማመጥ ነበር። እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2015 መስጂድ አል ሐራም ማስፋፊያ ላይ የነበረ ሊብሄር ኤል አር 11350 የሚባል በሰንሰለት የሚሄድ ግዙፍ ክሬን በማዕበል ተገፍቶ ወድቆ 111 ሰው ገደለ፣ 394 ሰው አቆሰለ። ያን ሰዓት ክሬኑ ሥራ ላይ አልነበረም፣ ቆሞ ነበር። ምርመራው ያለው ረጅሙ ክንድ ሥራ በሌለበት ሰዓት ቀና ብሎ መተዉ ከአምራቹ መመሪያ ውጪ ነው፣ መውረድ ነበረበት ነው። ማውረድ ደሞ ቦታ ይፈልጋል፣ ሰዓት ይፈልጋል፣ ነገ መልሶ ማቆም ይፈልጋል።

ገመዱና ብየዳውስ?

የክሬን የብረት ገመድ ከብዙ ቀጫጭን ሽቦ የተገመደ ነው፣ እና በአንዴ አይበጠስም፣ ሽቦዎቹ አንድ አንድ እያሉ ነው የሚሄዱት። አሜሪካ ውስጥ ባለው ደንብ ለምሳሌ የሚንቀሳቀስ ገመድ በአንድ ዙር ግምዱ ርዝመት ውስጥ 6 የተበጠሱ ሽቦዎች ከታዩበት፣ ወይ በአንድ ጉንጉን ላይ 3 ከታዩበት፣ ከሥራ ይወጣል። ከዚህ ሌላ የቀጠነ፣ የዛገ፣ የተጣመመ፣ ሽቦዎቹ እንደ ወፍ ጎጆ ተነፍተው የተበታተኑበት ቦታ ያለው ገመድም እንደዛው። ችግሩ ግን ግሪስና አቧራ ከሸፈነው አይታይም፣ ግሪስ ከሌለው ደሞ ከውስጥ ይዝጋል። ስለዚህ ማየት ማለት ጠርጎ፣ ቀስ ብሎ እያዞሩ ማየት ነው (በባዶ እጅ አትዳስሱት፣ የተበጠሰው ሽቦ ሥጋ ይቀዳል)። ጭነቱ የሚታሰርበት የጨርቅ ቀበቶም አለ፣ ስለታም የፌሮ ወይ የብረት ጠርዝ ላይ መከለያ ሳይደረግበት ከታሰረ ጭነት ሲመጣበት እንደ ክር ነው የሚቆረጠው።

ብየዳ ላይ ደሞ የኒውዮርኩን ታሪክ ማወቅ ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 30 ቀን 2008 ማንሃተን 91ኛ ጎዳና ላይ የታወር ክሬን የላይኛው ክፍል ካቢኑም ክንዱም በሙሉ ተገንጥሎ ወደቀ፣ ኦፕሬተሩና አንድ ሌላ ሠራተኛ ሞቱ። የተሰበረው ክንዱ የሚዞርበት ትልቁ ኩሽኔታ ነው፣ ከዛ በፊት ተሰንጥቆ ነበር፣ በብየዳ ተሰርቶ እንዲመለስ ተደረገ፣ ያውም ከሌሎቹ ረክሶና ፈጥኖ እሰራለሁ ባለ ድርጅት። ብየዳው አልያዘም። ክሬኑን ያስጠግን የነበረው መካኒክ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ አመነ፣ የክሬኑ ባለቤት እ.ኤ.አ. በ2012 ከወንጀሉ ክስ ነፃ ወጣ፣ በፍትሐ ብሔር ግን እ.ኤ.አ. በ2015 የዳኞች ጉባኤ ወደ 96 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ወሰነበት፣ በኋላ በይግባኝ ተቀነሰ። ይሄን ያነሳሁት ለዶላሩ አይደለም። መለዋወጫ በውጭ ምንዛሪ በሆነበት ሀገር ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስበየድ የዕለት ተዕለት ነገር ስለሆነ ነው። ለብዙ ክፍል ችግር የለውም። ሰው ከስሩ የሚቆምበትን ጭነት ለሚሸከም ክፍል ግን ብየዳው በምን ብረት፣ በምን ዘዴ፣ በማን እንደተሰራና ከተሰራ በኋላ ስንጥቅ የለውም ተብሎ በመሳሪያ እንደተፈተሸ ወረቀት ከሌለ ጥገና አይባልም፣ መለጠፍ ነው።

ኤክስካቫተርና ሎደር ላይስ ምኑ ነው ሰው የሚጎዳው?

ሃይድሮሊኩ። የመካከለኛ ኤክስካቫተር ዘይት በ350 ባር አካባቢ ግፊት ነው የሚሰራው፣ የቤት መኪና ጎማ 2 ባር ከምናምን ነው፣ እናንተው አስሉት። ክንዱን ወደ ላይ የያዘው ያ ዘይት ብቻ ነው፣ ሆዙ (ዘይቱ የሚሄድበት የጎማ ቱቦ) ከፈነዳ ክንዱ ይወርዳል፣ ከስር ያለ ሰው የማምለጫ ሰከንድ የለውም። ለዚህ መፍትሄ አለው፣ ሲሊንደሩ ላይ የሚገጠም ሆዝ ሲፈነዳ ዘይቱን የሚዘጋ ቫልቭ፣ ግን ሁሉም ማሽን ላይ የለም፣ በተለይ ለቁፋሮ ብቻ ተብለው የመጡት ላይ። እና እኛ ጋ ኤክስካቫተር ለቁፋሮ ብቻ መች ሆነና፣ ቱቦ ያነሳል፣ ብረት ያወርዳል፣ ሰው ቱቦውን እየያዘ ያስተካክላል።

ባኬት መቀየሪያው ክዊክ ኮፕለርም አለ። ባኬቱን ቶሎ ነቅሎ ሌላ ለመግጠም ነው የተሰራው፣ አንዳንዱ አይነት ላይ ከተገጠመ በኋላ በእጅ የሚገባ የደህንነት ፒን አለው። ፒኑ ጠፍቷል፣ ወይ ለመውረድ ስንፍና ነው፣ ብቻ አልገባም። ባኬቱ ለሰዓታት ይሰራል፣ ከዛ አንዴ ሲጠመዘዝ ወልቆ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ሠራተኛ ላይ ይወድቃል። በተለያየ ሀገር ብዙ ሰው የሞተበት መንገድ ነው፣ እና የሚያናድደው ፒኑን ማስገባት የደቂቃ ሥራ መሆኑ ነው።

ከሁሉም ግን ሰው የማያውቀው ይሄ ነው። ሆዝ ላይ መርፌ የምታክል ቀዳዳ ስትወጣ ዘይቱ በአይን የማይታይ ቀጭን ጨረር ሆኖ ይወጣል። ረዳቱ ወይ መካኒኩ ከየት ነው የሚያፈሰው ብሎ በእጁ ይዳስሳል። ዘይቱ ቆዳ በስቶ ይገባል፣ ለዚህ ደሞ 7 ባር አካባቢ እንኳን ይበቃል ይባላል፣ እዚህ የምናወራው ስለ 350 ነው። ቁስሉ ትንሽ ነጥብ ናት፣ መጀመሪያ ላይ ብዙም አታምም፣ ጠርጎ ወደ ሥራው ይመለሳል፣ ክሊኒክ ቢሄድም ፕላስተር ተለጥፎለት ይመለስ ይሆናል። ከሰዓታት በኋላ እጁ ያብጣል፣ ዘይቱ በጅማቱ መሃል ሄዶ ሥጋውን እየገደለ ነው፣ ጣት ወይ እጅ እስከመቆረጥ ይደርሳል። ይሄ የቀዶ ጥገና ድንገተኛ ነው፣ በሰዓታት ውስጥ ተከፍቶ መታጠብ አለበት። ለሐኪሙ በግልፅ «በከፍተኛ ግፊት የሃይድሮሊክ ዘይት ገብቶብኛል» ማለት ያስፈልጋል፣ ከተቻለ የዘይቱን አይነትም፣ ምክንያቱም ቁስሉን ብቻ ያየ ሰው ላይገምት ይችላል። የሚያፈስበት ቦታ የሚፈለገው በካርቶን ቁራጭ ነው፣ ማሽኑ ጠፍቶና ግፊቱ ወርዶ ቢሆን ደሞ የተሻለ።

ገልባጭ መኪና ላይም ተመሳሳይ ነው። ካሶኒው ተነስቶ ከስሩ ገብተው የሚጠግኑ ሰዎች አሉ፣ ካሶኒውን የያዘው ዘይት ነው፣ አንድ ሲል (ዘይቱ እንዳያመልጥ የሚይዘው ጎማ) ወይ አንድ ሆዝ። መደገፊያ ብረት ሳይገባ ከስር መግባት የለም፣ ለአንድ ደቂቃም።

ማሽኑ ጤነኛ ሆኖ መሬቱ ቢከዳስ?

እግሩን ዘርግቶ የሚቆም ሞባይል ክሬን ክብደቱን በሙሉ አራት ትናንሽ ቦታ ላይ ነው የሚያሳርፈው። አዲስ አበባ ብዙ ሰፈር ያለው ጥቁር አፈር ደሞ በጋ ላይ ድንጋይ ነው፣ ክረምት ላይ ጭቃ። በበጋ በደህና የቆመበት ቦታ ላይ ሐምሌ ላይ ያንኑ ማቆም ሌላ ሥራ ነው። ከእግሮቹ ስር ሰፊ ጠንካራ ጣውላ ወይ የብረት ሳህን ማንጠፍ፣ ከተቆፈረ ጉድጓድ ጠርዝ መራቅ፣ ከስር የተቀበረ ቱቦ ወይ ሴፕቲክ ታንክ አለመኖሩን መጠየቅ፣ ይሄ የኦፕሬተሩ ብቻ አይደለም፣ ሳይቱን የሚያውቀው ኮንትራክተሩ ነው።

እቃ ማንሻ ሆይስት ላይ ስለሚወጣ ሰው በአጭሩ፦ የእቃ ሆይስት የሰው ሆይስት አይደለም። የሰው ሆይስት ላይ ፍጥነቱ ሲያልፍ የሚነክስ መያዣ አለ፣ እሱም በየጊዜው ሆን ተብሎ እየተጣለ ይፈተሻል። የእቃው ላይ ይሄ አብዛኛውን ጊዜ የለም፣ ገመዱ ከሄደ ሁሉም ሄደ። ስምንተኛ ፎቅ በደረጃ መውጣት እንደሚያደክም ይገባኛል።

ይሄ ሁሉ ከታወቀ ለምን አይቆምም?

ምክንያቱም የቆመ ማሽን ገንዘብ ያስወጣል። ማሽን በሰዓት ነው የሚከራየው፣ ለጥገና የቆመ ሰዓት ለባለቤቱ ኪሳራ ነው፣ ለኮንትራክተሩ መዘግየት ነው፣ ለኦፕሬተሩ ደሞ ከአለቃ ጋር መጣላት ነው። ካስት ቀን ሲሆን ይብሳል፣ የተጀመረ አርማታ መሃል ላይ ከቆመ መጋጠሚያው ደካማ ስለሚሆን ማንም ማቆም አይፈልግም፣ ስለዚህ ማሽኖች በጣም የሚጨናነቁት ማንም አቁም ለማለት በማይደፍርበት ቀን ነው። ጠዋት ገመዱን ያየ ረዳት፣ ፍሬኑ እንደሳሳ የተሰማው ኦፕሬተር፣ ተናግሯል ወይ? ተናግሮ ከሆነስ የት ተጻፈ? በየቀኑ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሚሞላ የፍተሻ መዝገብ ጥቅሙ እዚህ ነው፣ ቃል ይካዳል፣ መዝገብ ግን አይካድም።

ህጉ ምን ይላል? ካሳ ለማግኘት የአሠሪውን ጥፋት ማስረዳት አለብኝ?

የለብህም፣ እና ይሄን ብዙ የቀን ሠራተኛ አያውቅም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 96 ላይ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳን ሠራተኛው በሥራ ላይ ለሚደርስበት ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ማሽኑን ማን አበላሸው፣ ማን ማየት ነበረበት የሚለው ክርክር ሳይጀመር ማለት ነው። አሠሪው የሚያመልጠው ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ጉዳት ካደረሰ ነው፣ ህጉ ለምሳሌ የሚጠቅሰው አስቀድሞ በግልፅ የተሰጠን የደህንነት መመሪያ መጣስንና ሰክሮ ሥራ ላይ መገኘትን ነው። ተራ መዘናጋት እዚህ ውስጥ አይገባም። ከዚህ በላይ ደሞ አሠሪው ጥፋት ካለበት (ሊሚት ስዊች ካስነቀለ በሉት) ሠራተኛው በሌላ ህግ ተጨማሪ ካሳ ከመጠየቅ አይከለከልም።

በጽሑፍ የተሰራ ውል የለኝም የሚለውም መብት አያሳጣም፣ አዋጁ ራሱ ውሉ በጽሑፍ አለመሆኑ የሠራተኛውን መብት አይነካም ይላል። እየሰራህ እንደነበር በምስክር፣ በክፍያ ዝርዝር፣ በስልክ መልእክት ይረጋገጣል።

ምን ይከፈላል? ህክምናው በአሠሪው ነው፣ ሰው ሰራሽ አካል የሚያስፈልግ ከሆነ እሱም ጭምር። ሥራ መስራት ላልተቻለበት ጊዜ ደሞ እስከ አንድ ዓመት ድረስ የመጀመሪያዎቹን ሶስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሶስት ወራት ከ75 በመቶ የማያንስ፣ የቀሩትን ስድስት ወራት ከ50 በመቶ የማያንስ። ጉዳቱ ቋሚ ከሆነ የህክምና ቦርድ በመቶኛ ይወስናል። ሠራተኛው የጡረታ ሽፋን ካለው (7 በመቶ ከሠራተኛው 11 በመቶ ከአሠሪው የሚቆረጠው) በጡረታ ህጉ ይስተናገዳል፣ ከሌለው አሠሪው ይከፍላል፣ ሙሉ በሙሉ ከሥራ ውጪ ላደረገ ጉዳት የ5 ዓመት ደመወዝ፣ ከዛ በታች ከሆነ በጉዳቱ ልክ። ለምሳሌ ወር 6,000 ብር የሚያገኝ ሰው 30 በመቶ ጉዳት ቢወሰንለት የዓመቱ 72,000 ነው፣ በ5 ሲባዛ 360,000፣ የዛ 30 በመቶ 108,000 ብር ይመጣል። ሞት ከሆነ ያው የ5 ዓመቱ ስሌት ለጥገኞች ይከፋፈላል፣ ለባል ወይ ለሚስት 50 በመቶ፣ ዕድሜያቸው ከ18 በታች ለሆኑ ልጆች ለእያንዳንዳቸው 10፣ ሟች ይጦራቸው ለነበሩ ወላጆችም ለእያንዳንዳቸው 10።

ማሽኑ አደገኛ መሆኑን አይቶ አልሰራም ማለትስ? አንቀጽ 32 ላይ ለሠራተኛው ደህንነት ወይ ጤና የሚያሰጋ አደጋ መኖሩን አሠሪው እያወቀ በጊዜው ካላስተካከለ ሠራተኛው ያለማስጠንቀቂያ ውሉን ማቋረጥ ይችላል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 ደሞ ከሚያሰጋ ከባድ አደጋ ራሱን ያገለለ ሠራተኛ እንዳይቀጣ ይላል። ወረቀቱ ይሄ ነው፣ ጠዋት በር ላይ ሌላ ሃምሳ ሰው ሥራ እየጠበቀ ባለበት ይሄን መብት መጠቀም ምን ያህል እንደሚከብድ ደሞ ሁላችንም እናውቃለን። ቢያንስ ግን ብልሽቱን ማሳወቅ የሠራተኛው ግዴታም ነው (አንቀጽ 93)፣ እና በጽሑፍ ወይ በቴሌግራም ፎቶ ልኮ ማሳወቅ በኋላ ብዙ ነገር ይለውጣል።

ማሽኑ የኪራይ ከሆነስ? የተጎዳው መንገደኛ ከሆነስ?

ለሠራተኛው ያው አሠሪው ነው የሚጠየቀው፣ ማሽኑ የኔ አይደለም ማለት አያድነውም፣ እሱ ከአከራዩ ጋር በኋላ ይነጋገር። ሠራተኛ ላልሆነ ሰው፣ ለምሳሌ በአጥር ስር ሲያልፍ ለተመታ፣ የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ህግ አንቀጽ 2081 አለ፣ የማሽን ወይ የተሽከርካሪ ባለቤት ማሽኑ ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል፣ የነዳው ሰው ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳን።

ውጭ ያላችሁ በአጭሩ፦ ሳውዲ ውስጥ አሠሪው ለውጭ ሀገር ሠራተኛም ጭምር ለሥራ አደጋ 2 በመቶ ለማህበራዊ ዋስትና ድርጅቱ መክፈል አለበት፣ መመዝገባችሁን ማረጋገጥ ነው። እስራኤል ውስጥ ቢቱዋህ ለኡሚ (የማህበራዊ ዋስትና ድርጅቱ) ለተጎዳ ሠራተኛ የገቢውን 75 በመቶ እስከ 91 ቀን ይሰጣል። አሜሪካ ደሞ ከዎርከርስ ኮምፐንሴሽኑ (የሥራ ጉዳት ካሳው) ሌላ የማሽኑን አምራች ወይ አከራይ ለብቻ መክሰስ ስለሚቻል አንድ ወረቀት ላይ ከመፈረም በፊት ጠበቃ ማነጋገር ይሻላል።

አደጋው የደረሰ ቀን ምን ይደረግ?

ማሽኑ ይጥፋ፣ ቁልፉ ይውጣ፣ ሌላ ሰው ሮጦ ከስር አይግባ። ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ አዲስ አበባ እሳትና አደጋ 939። ሰው ከከባድ ነገር ስር ረጅም ሰዓት ከተጨፈለቀ በጉጉት ቶሎ ማንሳቱ ራሱ ሊገድለው ይችላል፣ ከተጎዳው ጡንቻ የሚወጣው ነገር በአንዴ ወደ ደሙ ገብቶ ልብና ኩላሊቱን ስለሚመታ፣ ስለዚህ ስንት ሰዓት እንደቆየ ለመጡት ባለሙያዎች መንገር ነው።

ከዛ ቀጥሎ ፎቶ። የተበጠሰው ገመድ ጫፍ፣ የተሰበረው ቦታ በቅርብ (የዛገ አሮጌ ስንጥቅና አዲስ ስብራት ቀለማቸው ይለያያል፣ ለመርማሪ ትልቅ ነገር ነው)፣ የማሽኑ የስም ሰሌዳና ተከታታይ ቁጥር፣ ካለ የፍተሻ መዝገቡ። የተሰበረው ክፍል በማግስቱ ቁራሌው ጋ እንዳይሄድ ለፖሊስም ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪም ማስመዝገብ ያስፈልጋል፣ አሠሪው አደጋውን የመመዝገብና የማሳወቅ ግዴታ አለበት ግን እሱን ብቻ መጠበቅ አይገባም። የሐኪም ወረቀቱ ላይ «በሥራ ላይ» የሚለው መጻፉን አይታችሁ ውጡ።

የመጨረሻው ጊዜው ነው። በሥራ ክርክር በአጠቃላይ ይርጋው (ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ) አንድ ዓመት ነው፣ እና ብዙ ቤተሰብ የሚያልፍበት በሽምግልና ነው፣ ለቅሶው ይለፍ ይባላል፣ ከዛ ፋሲካ ይለፍ፣ ከዛ አለቃው ውጭ ሀገር ነው፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመቱ ይሞላል። ሽምግልናው ጥሩ ነው፣ ግን ክሱን አስገብቶም ሽምግልናውን መቀጠል ይቻላል፣ ከተስማማችሁ ስምምነቱን ፍርድ ቤቱ ያፀድቀዋል።